ረቂቁ አልቋል፤ ለማን ነው የሚሰጠው?

የመንዟ መምህርት

ሰላም ለሁላችሁም። መሐል ሜዳ ነው የምኖረው፤ መምህርት ነኝ። ለዓመታት የለፋሁበት ልብ ወለድ አልቋል። ተተይቧል፤ በኤ4 ወረቀት 180 ገጽ ገደማ ነው። ታሪኩ የበግ ጠጉር እየፈተለች ልጅ ስላሳደገች እናትና ከተማ ገብታ ስለቀረች ልጇ ነው። የአገራችን ብርድ፣ ገብሱ፣ ባናው፣ የሰዉ ቁጥብነት እንዲነበብ ከልቤ እፈልጋለሁ።

የጨነቀኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። አንዱ «አሳታሚ ፈልጊ» ይለኛል። ሌላው «ማተሚያ ቤት ሂጂና ዋጋ ጠይቂ» ይላል። ስፖንሰር ካላገኘሽ አይሞከርም ያለኝም አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ዘመድ እንጂ የማውቀው የመጽሐፍ ሰው የለኝም። በቅርቡ በሰው በሰው አንድ «አሳታሚ ነኝ» የሚል ሰው በስልክ አገኘሁ። ረቂቁን በኢሜይል ላኪልኝ አለኝ። አስከትሎ የማንበቢያ ብር በቅድሚያ እንዳስገባ ጠየቀ። ልላክ ወይስ ልተወው? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ቀለም ቀንድ

እንኳን ለዚህ አበቃሽ እህቴ። ጀምሮ የተወው ብዙ ነው፤ አንቺ ግን ጨርሰሻል።

ለሰውየው ብሩንም ረቂቁንም አሁን አትላኪ። ሰውየውን ስለማላውቀው ክፉ ነው አልልም። ግን አሳታሚ ማለት በራሱ ገንዘብ መጽሐፍሽን አውጥቶ፣ ሸጦ፣ ድርሻሽን የሚከፍልሽ ነው። ካንቺ ገንዘብ ከተቀበለ አገልግሎት ሻጭ ነው። አገልግሎት መሸጥ ነውር የለበትም፤ ምን እንደሚሸጥልሽ ግን ቁልጭ አድርጎ ይንገርሽ። ግምገማ ነው? አርትዖት ነው? የገጽ ቅንብር ነው? መቼ ይጨርሳል? በጽሑፍ ምን ይሰጥሻል? ይህን ሳይመልስ ብር የሚጠይቅ ሰው ጋር መሥራት አያስፈልግሽም።

እኔ አርታኢ ነኝ፤ ደብረ ብርሃን ነው የምሠራው። ወደ እኔ የሚመጡ አዳዲስ ጸሐፊዎች አሳታሚን፣ ማተሚያ ቤትንና አከፋፋይን አንድ አድርገው ነው የሚያዩት። ማተሚያ ቤት፣ ብርሃንና ሰላምም ይሁን የሰፈር ትንሽ ማተሚያ፣ የሰጠሽውን ፋይል ወረቀት ላይ ያወጣልሻል። ታሪኩ ይጥማል አይጥምም፣ ፊደሉ ተገድፏል አልተገደፈም አይልም። ስህተት ካለበት ስህተቱን አንድ ሺህ ጊዜ ያትመዋል። አከፋፋይ ደግሞ ታትሞ ያለቀውን ወስዶ ለመደብሮችና ለአዟሪዎች ያደርሳል። አሳታሚው ነው ሁሉንም የሚመራው፤ ኪሳራም ቢመጣ የሚሸከመው እሱ ነው።

በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ረቂቅ ይቀበላል፣ ያስገመግማል፣ ያርማል፣ ያሳትማል። በእርግጥ ሳንሱሩ የራሱ ጣጣ ነበረው። ዛሬ ቅድመ ምርመራ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ተከልክሏል። ነገር ግን ያንን ሁሉ ሥራ የሚሠራልሽ አሳታሚ ማግኘት ከባድ ሆኗል። ያሉት ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ስሙ የታወቀ ጸሐፊ ቢያገኙ ይመርጣሉ። ስለዚህ የብዙው አዲስ ደራሲ አሳታሚ ራሱ ደራሲው ነው። ይህን አውቀሽ ግቢ።

ጣርማ በር

መምህርት፣ እንኳን ደስ አለሽ። ቀለም ቀንድ ያለው እውነት ነው፤ ብቻ ተስፋ እንዳትቆርጪ። እኔ ደብረ ሲና ነኝ። አንድ የግጥም መድበልና አንድ ልብ ወለድ በራሴ ወጪ አሳትሜያለሁ። እንደዚያም ሆኖ መጀመሪያ አሳታሚ ሞክሪ እላለሁ። እምቢ ቢሉሽ የሚጎድልብሽ ነገር የለም።

ለአሳታሚ የሚሰጥ ረቂቅ ግን ሥርዓት አለው። 180 ገጽ ተሸክመሽ ሄደሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ አትመለሺ። አንድ ገጽ ማመልከቻ ጻፊ፤ ማን እንደሆንሽ፣ መጽሐፉ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ማን ያነበዋል ብለሽ እንደምታስቢ። ከዚያ የታሪኩን ጭምቅ በአንድ ወይም በሁለት ገጽ። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች። ሙሉውን ሲጠይቁሽ ትሰጫለሽ።

ጭምቁ ላይ መጨረሻውን አትደብቂ። «የልጅቷ ዕጣ ምን ይሆን?» ብሎ የሚያበቃ ጽሑፍ ለመጽሐፉ ጀርባ ነው የሚሆነው። አሳታሚ ታሪኩ በወጉ መቋጨቱን ማየት አለበት። ልጅቷ ትመለሳለች? እናቲቱ ትሞታለች? ቁርጡን ጻፊለት።

የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበርንም ጠይቂ። የሚያውቁትን አይሰስቱም፤ ቢያንስ የትኛው ቤት በአሁኑ ሰዓት ረቂቅ እንደሚቀበል ይጠቁሙሻል።

የመንዟ መምህርት

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ ጣርማ በር፣ ወንድሜ ቀለም ቀንድ። ለሰውየው አልላክሁም።

ሌላ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ሦስት ምዕራፍ ሰጥቼ ሰው ቢወስድብኝስ? ባለቤትነቴን እንዴት ነው የማረጋግጠው?

የአረርቲው

ይህን ለእኔ ተዉልኝ። የሕግ ባለሙያ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁት ምንጃር አረርቲ ነው።

እህቴ፣ የቅጂ መብትሽ የተወለደው ስትጽፊው ነው። ለመመዝገብ አይጠብቅም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንዲህ ነው የሚለው። ጥበቃው በሕይወት ዘመንሽ ሁሉና ካለፍሽ በኋላም ለ50 ዓመት ይዘልቃል፤ ለልጆችሽ ይተላለፋል። ምዝገባ ግዴታ አይደለም። ክርክር ቢነሣ ግን ጥሩ ማስረጃ ነው፤ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሥራሽን መዝግቦ የምስክር ወረቀት ይሰጥሻል። አዲስ አበባ ስትወርጂ በአንድ መንገድ ጨርሺው። ለማን፣ መቼ፣ የትኛውን ምዕራፍ እንደሰጠሽ ደብተር ላይ ጻፊ። በኢሜይል የላክሽውን አትሰርዢ።

አንድ ነገር ልብ በይ። ሕጉ የሚጠብቀው የጻፍሽውን ነው፤ ሐሳቡን አይደለም። ሌላ ሰው ተነሥቶ ስለ አንዲት ጠጉር ፈታይ እናት ልብ ወለድ ቢጽፍ መክሰስ አትችዪም። ያንቺን ገጽ ከገለበጠ ግን ትችያለሽ።

እኔን ከስርቆት ይልቅ የሚያሳስበኝ ፊርማ ነው። አንድ ወዳጄ መጀመሪያ መጽሐፉን ሊያወጣ ሲል ውሉ አንድ ገጽ ስለነበረ ደስ አለው። ውሉ ውስጥ «መጽሐፉን በማናቸውም መልክና ጊዜ ለማባዛት» የምትል አንዲት መስመር ነበረች። በሦስት ደቂቃ አንብቦ ፈረመ። መጽሐፉ ተወደደ። በኋላ ለድምፅ ትረካ የሚፈልጉ ሰዎች ሲመጡ እሱ ምንም ማለት የማይችል ሆነ። ሌላ ሰው ፈቅዶ፣ ሌላ ሰው ተከፈለ። ያቺ መስመር አሁንም ታናድደኛለች።

ስለዚህ ውልሽ በጽሑፍ ይሁን፤ እያንዳንዱም ነገር ለየብቻው ይጻፍ። ለስንተኛ እትም ነው የፈቀድሽው? ለመጀመሪያው ብቻ ከሆነ «ለመጀመሪያው እትም፣ ለዚህን ያህል ቅጂ» ይባል። የድምፅ ትረካ፣ ትርጉም፣ ፊልም፣ የኤሌክትሮኒክ ቅጂ ያንቺ ሆነው ይቆዩ ወይም በሌላ ውል ይታዩ። ዛሬ እንደ ተራኪ ያሉ የድምፅ መጻሕፍት መተግበሪያዎች ስላሉ ይህ የሩቅ ነገር አይደለም። ክፍያሽ የሚሰላው ከሽፋን ዋጋ ነው ወይስ ከተጣራ ገቢ? ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። መቼ መቼ ሒሳብ ያሳውቁሻል? መጽሐፉ በተባለው ጊዜ ካልወጣ መብቱ ወዳንቺ ይመለሳል ወይ? የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ከቁጥር 2672 ጀምሮ ስለ ሕትመት ውል የሚለው አለው። ከመፈረምሽ በፊት ለአንድ ጠበቃ አሳዪው። አንድ ሌሊት አሳድሪው። ዛሬውኑ ካልፈረምሽ የሚልሽ ካለ ተመለሺ።

ሌላም ልጨምር። ታሪኩ በምታውቂው ሰፈር ስለሆነ፣ በሕይወት ያለ ሰው ራሱን እንዳያገኘው ተጠንቀቂ። ስም መቀየር ብቻ አይበቃም። ሥራውን፣ የቤቱን ቦታ፣ የልጆቹን ቁጥር እንዳለ ትተሽ ስሙን ብትቀይሪ አገሬው ያውቀዋል። ስም ማጥፋት በሕግ ያስጠይቃል።

ጀማ ወንዝ

ይቅርታ አድርጉልኝና ይህ ሁሉ ውጣ ውረድ ለምን አስፈለገ? የመርሐቤቴ ልጅ ነኝ፤ አጫጭር ታሪክ እጽፋለሁ። ቴሌግራም ቻናል ከፍቼ በየሳምንቱ እለጥፋለሁ፤ ሰው ያነባል፣ አስተያየት ይሰጣል። እህታችንም ምዕራፍ በምዕራፍ ትልቀቀው። አንባቢ ካፈራች በኋላ አሳታሚው ራሱ ይፈልጋታል።

ባለመደብሩ

ልጄ ጀማ ወንዝ፣ ለአጭር ታሪክ ያልከው ይሠራል። አንባቢ ማፍራት ትልቅ ነገር ነው። ሙሉ ልብ ወለድ ግን አይለቀቅ። እኔ ደብረ ብርሃን የመጽሐፍ መደብር አለኝ። ደንበኛዬ ገብቶ መጽሐፍ አንሥቶ ያገላብጥና «ይሄ በፒዲኤፍ አለኝ» ብሎ መልሶ ያስቀምጣል። ገና ከወጡ ወራት ያልሞላቸው መጻሕፍት ናቸው። አንድ ሰው ገጹን በስልኩ እያነሣ ለቆት ሺህ ሰው ተቀባብሎታል። ደራሲው ተበድሮ ያሳተመው ነው፤ በጣም ያሳዝናል። እሷ ራሷ ሙሉውን ከለቀቀችው ማን ይገዛታል?

ሁለት ምዕራፍ ትልቀቅ። ከዚያ ይብቃ።

ጀማ ወንዝ

እሺ ጋሼ፣ በዚህ እስማማለሁ። ሁለት ምዕራፍ ይበቃል።

ቀለም ቀንድ

ወደ ረቂቁ ልመለስ። ማንም ሲያነሣው አላየሁም፤ እኔ ግን በየቀኑ የምጋፈጠው እሱን ነው።

መምህርት፣ በምንድን ነው የተየብሽው? በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በሌላ የድሮ ፊደል ከሆነ ፋይሉን ስትልኪ ያኛው ኮምፒውተር ላይ ፊደሉ ከሌለ የሚታየው አማርኛ አይደለም። የላቲን ፊደልና ምልክት ተደባልቆ የማይነበብ ነገር ነው የሚሆነው። አንድ አሳታሚ እንዲህ ያለ ፋይል ሲከፍት ደውሎ አይጠይቅሽም፤ ዘግቶት ወደ ሌላው ያልፋል። በየትኛውም ኮምፒውተር በሚነበበው በዩኒኮድ ይሁን። ፊደሉ ኒያላ፣ አቢሲኒካ፣ ወይም የፓወር ግዕዝ ዩኒኮዱ ይሆናል። በድሮው ከተጻፈ የሚቀይር ሶፍትዌር አለ፤ ከቀየርሽው በኋላ ግን መስመር በመስመር ማየት የግድ ነው። አራት ነጥቡ ይጠፋል፣ አንዳንድ ፊደል ይቀየራል። ለጥንቃቄ አብሮ ፒዲኤፍ ላኪ።

ቀጥሎ የፊደል አንድነት። ባለፈው ሰሞን የመጣልኝን ረቂቅ ልንገራችሁ። ገጽ ሦስት ላይ «ሐይቅ» ይላል፤ ገጽ አምስት ላይ «ሀይቅ»፤ ወረድ ብሎ «ኃይቅ»። የዋናዋ ገጸ ባሕርይ ስም በሁለት ዓይነት «ጸ» ተጽፏል። አንባቢ መጽሐፉ ካልታረመ ሌላውንም አያምንም። አንዱን አጻጻፍ ምረጪና ዝርዝር ይኑርሽ። የሰውና የቦታ ስም በሙሉ፣ ከዚያ «ሠ» እና «ሰ»፣ «ዐ» እና «አ»፣ «ሐ»፣ «ኀ» እና «ሀ» የሚገቡባቸውን ቃላት አንድ ወረቀት ላይ ጻፊ። በኮምፒውተሩ ፍለጋ እያንዳንዱን አስተካክዪ። አሰልቺ ነው፤ ግን ላርታኢ የምትከፍዪውን ይቀንስልሻል።

ንግግርን በአንድ ዓይነት ምልክት ክፈቺ። ምዕራፉ ግማሹ በጥቅስ ምልክት፣ ግማሹ በሰረዝ አይሁን። የፊደሉን መጠን 12 ነጥብ አድርጊው፣ መስመሩ ሰፋ ይበል፣ ገጹ ቁጥር ይኑረው፣ በየገጹ ግርጌ ስምሽና የመጽሐፉ ርዕስ ይግባ። ቁጥር የሌለው ረቂቅ ወረቀቱ አንዴ ከወደቀ መልሶ መግጠም መከራ ነው።

ከዚያ ጮክ ብለሽ አንብቢው። ለባልሽ፣ ለጓደኛሽ፣ ለማንም። ምላስሽ የተደናቀፈበት ቦታ አንባቢም ይደናቀፋል።

የመንዟ መምህርት

ወንድሜ፣ በፓወር ግዕዝ ነው፤ ዩኒኮድ መሆኑን አጣራለሁ። የፊደሉን ዝርዝር ዛሬ ማታ ጀምሬዋለሁ፤ ያልከው ሁሉ እኔም ጋ አለ።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። ገጸ ባሕርያቶቼ የሚናገሩት በመንዝ አነጋገር ነው። አንድ ያነበበልኝ ሰው «ወደ አዲስ አበባ አማርኛ መልሺው፣ አለበለዚያ አሳታሚ አይቀበለውም» አለኝ። እናቲቱ እንደ ሬዲዮ አንባቢ ስትናገር ግን አላምናትም።

ጣርማ በር

እንዳትነኪው! እናቲቱ በራሷ አፍ ትናገር። ለዚህ ነው መጽሐፉ የሚፈለገው።

ቀለም ቀንድ

ከጋሼ ጣርማ በር ጋር ነኝ፤ በልክ ይሁን እንጂ። ምልልሱ በመንዝ አነጋገር ይቆይ። ተራኪው ግን ሁሉም የሚያነበው አማርኛ ይኑረው። ምልልሱም ውስጥ ለሐረርና ለጎጃም አንባቢ የማይገባ ቃል ካለ ከዙሪያው ካለው ዓረፍተ ነገር እንዲገባው አድርጊ። ግርጌ ላይ ፍቺ አትደርድሪ፤ አንባቢ ልብ ወለድ እያነበበ ቁልቁል መመልከት አይወድም። ለአርታኢሽም በመጀመሪያው ቀን ንገሪው፤ «ይህ ሆን ተብሎ ነው» የሚል ማስታወሻ አያይዢ። አለዚያ በቅንነት ሁሉንም ያርምልሻል።

ጣርማ በር

አሁን ደግሞ አሳታሚ ባይገኝስ የሚለውን እንነጋገር፤ ምክንያቱም እዚያ ላይ ነው ሰው የሚጎዳው።

ራስሽ የምታሳትሚ ከሆነ ከአንድ ማተሚያ ቤት ብቻ ዋጋ አትጠይቂ። ከሦስት አራት ቦታ ፕሮፎርማ ሰብስቢ። ስትጠይቂ መጠኑን፣ የገጹን ብዛት፣ የወረቀቱን ግራም፣ የሽፋኑን ዓይነት፣ ጥራዙ በሙጫ ነው ወይስ በስፌት የሚለውን ተናገሪ። ይህን ካልነገርሽ የሚሰጡሽን ዋጋ ማወዳደር አይቻልም፤ አንዱ ስለ 60 ግራም፣ ሌላው ስለ 80 ግራም ወረቀት እያወራ ይሆናል። ወረቀቱ ከውጭ ነው የሚገባው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የውጭ ምንዛሪው በገበያ ስለሆነ የዛሬው ዋጋ የዛሬ ወር ላይሠራ ይችላል። ፕሮፎርማው እስከ መቼ እንደሚጸና ጠይቂ።

ገጹንም አስቢበት። መጽሐፍ ብዙ ጊዜ በ16 በ16 ገጽ እየታጠፈ ነው የሚጠረዘው። መጽሐፍሽ ተቀናብሮ 292 ገጽ ቢመጣ 288 ላይ ልታወርጂው ትችያለሽ፤ አለዚያ ለ304 ትከፍያለሽ። አራት ገጽ ማሳጠር ይቻላል። የምዕራፍ መክፈቻዎችን ጠጋ ማድረግ ብቻውን ይበቃ ይሆናል።

ከመታተሙ በፊት ዱሚውን፣ ማለትም የናሙና ቅጂውን፣ ሳታዪ «እሺ» አትበዪ። በስልክ በላኩልሽ ምስል አትወስኚ፤ አዲስ አበባ ላምበረት ወርደሽ ሄደሽ በእጅሽ ገልብጪው። የሽፋኑን ቀለም እዪ፣ የጀርባውን ጽሑፍ አንብቢ፣ የመጽሐፉ ጎን ላይ ርዕሱና ስምሽ መኖሩን አረጋግጪ።

የመጽሐፉን መለያ ቁጥር፣ አይኤስቢኤኑንም፣ ቀድመሽ ከአገሪቱ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ከወመዘክር ውሰጂ። 13 አኃዝ ነው። ውስጥ ገጹና ጀርባው ላይ ስለሚታተም ኋላ የሚደረስበት ነገር አይደለም። ታትሞ ሲወጣም ለወመዘክር ቅጂ ገቢ ይደረጋል። መጽሐፍሽ የአገር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይቀመጣል፤ እኔ ይህን ሳደርግ የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አልረሳውም።

ባለመደብሩ

ጎኑ ላይ ስለሚታተመው ጋሼ ያሉትን ላጽና። ጎኑ ባዶ የሆነ መጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ ሲቆም ማንም አያየውም። ፊቱን ወደ ሰው አድርጌ የማስቀምጥበት ቦታ ደግሞ ለጥቂት መጽሐፍ ነው የሚበቃው።

ስለ ሒሳቡ ልንገርሽ፤ በምሳሌ ይሁን። ማሳተሚያው ለአንዱ ቅጂ 180 ብር ወጣ እንበል። ሽፋኑ ላይ 350 ብር ተጻፈ። አከፋፋዩና መደብሩ 30 በመቶ ቢወስዱ 105 ብር ይሄዳል፤ ላንቺ የሚደርስሽ 245 ነው። አንድ ሺህ ቅጂ ካሳተምሽ ያወጣሽው 180,000 ብር ነው። እሱን ለመመለስ 735 መጽሐፍ መሸጥ አለበት። ትርፍ የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። አርታኢውን፣ ሽፋን የሠራውን፣ መጓጓዣውን ገና አላሰብንም። የሚወስዱትም እንደየሰዉ ይለያያል፤ ከ30 በላይ የሚጠይቅም አለ። ከመደብር ጋር ደግሞ ብዙ ጊዜ ሲሸጥ ነው የሚከፈለው፤ ስለዚህ ባስረከብሽ ቁጥር የተፈረመ ደረሰኝ ያዢ።

አንድ ሺህ ለመጀመሪያ መጽሐፍ ብዙ ነው። 500 ይበቃሻል።

ጣርማ በር

እዚህ ላይ አልስማማም ወንድሜ። በኦፍሴት ማሽን ሲታተም የማተሚያ ሰሌዳው፣ ማለትም የፕሌቱ፣ እና የማሽን ማስተካከያው ወጪ ለ500ም ለአንድ ሺህም ያው ነው። 500 ካሳተመች የአንዱ ዋጋ ይወጣና ሽፋን ላይ የምትጽፈው ብር አንባቢን ያስደነግጣል። ለ500ና ለ1,000 ለየብቻ ታስጠይቅና ልዩነቱን ትይ።

ባለመደብሩ

ልዩነቱን ማየቷ ጥሩ ነው። ግን ያልተሸጠ ካርቶን የሚቀመጠው የት ነው? መሐል ሜዳ፣ ቤቷ። ክረምቱን እርጥበት ይገባዋል፣ ሽፋኑ ይጠቀለላል። ደመወዝተኛ ናት። በአንድ ደራሲ ሳሎን ያልተሸጠ ካርቶን ሞልቶ አይቻለሁ፤ ሰውየው ሁለተኛ መጽሐፍ ለመጻፍ ልብ አጣ። እኔ የምፈልገው ይህች ልጅ ሁለተኛውንም እንድትጽፍ ነው።

ጣርማ በር

ይህንስ እውነትህን ነው። ቀድመው የሚገዙ ሰዎች ይመዝገቡላት እንግዲያው። ሦስት መቶ ሰው ቀድሞ ከከፈለ አንድ ሺሁን ትድፈር፤ ካልሆነ 500።

የሸዋ ሮቢቷ

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፤ በጣም ጠቅሞኛል። እኔ የልጆች ተረት ነው የምጽፈው። ሥዕል ያስፈልገዋል። ሠዓሊውን እኔ ነኝ የምከፍለው? ሥዕሉስ የማን ነው?

የአረርቲው

ራስሽ ካሳተምሽ አዎ፣ አንቺ ነሽ የምትከፍዪው። አሳታሚ ካገኘሽ ግን ሥዕል ሳታሠሪ ጽሑፉን ብቻ ስጪ፤ ብዙ ጊዜ የራሳቸውን ሠዓሊ ይመርጣሉ። የማን ነው ለሚለው፣ ከሠዓሊው ጋር በወረቀት ተፈራረሚ። ሥዕሉ ለዚህ መጽሐፍ ብቻ ነው ወይስ ለሁለተኛ እትምና ለፖስተርም? ስሙ የት ይጻፋል? ቃል በቃል ይቀመጥ። ጓደኛሽም ቢሆን።

ቀለም ቀንድ

የልጆች ሲሆን ቀለም ስላለው የሕትመት ዋጋው ከልብ ወለድ በእጅጉ ይለያል። ለዚህ የራሱ ርዕስ ክፈቺለት እህቴ፤ የምናውቀውን እንጽፍልሻለን።

የመንዟ መምህርት

ሁላችሁንም እግዜር ያክብርልኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ሰጥታችሁ ለማታውቁት ሰው መጻፋችሁ አስለቅሶኛል።

እንዲህ ወስኛለሁ። መጀመሪያ ፊደሉን አስተካክላለሁ። ከዚያ ለሁለት ሰው አስነብባለሁ፤ አንዱ መንዜ፣ አንዱ አገራችንን የማያውቅ ሰው ይሆናል። ጭምቁን ከነመጨረሻው እጽፋለሁ። አእምሯዊ ንብረት ሄጄ አስመዘግባለሁ። ለሦስት አሳታሚ ካመለከትሁ በኋላ እስከ ሰኔ መልስ ካላገኘሁ ክረምቱን ትምህርት ሲዘጋ በራሴ እገባበታለሁ። ወንድሜ ቀለም ቀንድ፣ ለአርትዖት ስንት እንደምታስከፍል በውስጥ ንገረኝ፤ የነጻ አልጠይቅህም።

ጋሼ ባለመደብሩ፣ ከታተመ መቼ ቢደርስ ነው የሚሸጠው?

ቀለም ቀንድ

በውስጥ ጽፌልሻለሁ። መጀመሪያ 20 ገጽ ላኪልኝ፤ አርሜ አሳይሻለሁ። እጄን ካልወደድሽው ሌላ ሰው እጠቁምሻለሁ። አርታኢ ስትመርጪ ከማንም ጋር ቢሆን እንዲህ አድርጊ።

ባለመደብሩ

ከገና በፊት ይድረስ ልጄ። ለገናና ለጥምቀት አዲስ አበባ ያለው የመንዝና የጅሩ ሰው ወደ አገሩ ሲወጣ በደብረ ብርሃን ነው የሚያልፈው። መኪናው ምሳ ሲቆም ሰው ወርዶ ይዞራል፤ ለቤተሰብ የሚወስደው ነገር ይፈልጋል። ስለ አገሩ የተጻፈ መጽሐፍ ፊት ለፊት ካየ ይገዛል። በታኅሣሥ መጀመሪያ 50 ቅጂ ላኪልኝ፤ ፊቱን ወደ በሩ አድርጌ አስቀምጥልሻለሁ። መሐል ሜዳ ላይ ደግሞ በጥምቀት ሰሞን ምረቃውን አድርጊ። ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ከሰጠሽ በቂ ነው። የከተማውን ሰው፣ ተማሪዎችሽን፣ ጠጉር የሚፈትሉትን እናቶችም ጥሪ።